የቤት ስልክን በዋይፋይ ላይ መትከል፦ አዳፕተር፣ የዋይፋይ ቀፎ፣ ዴክት ወይስ አፕ?

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚኖሩት አክስቴ የቤት ስልካቸውን ወደ ኢንተርኔት ለማዛወር የወሰኑት የወር ሒሳቡ ስለከበዳቸው ነበር። ራውተሩ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጧል፤ እሳቸው ግን በስልክ የሚያወሩት ወይ መኝታ ቤት ጋደም ብለው፣ ወይ ወጥ ቤት ሽንኩርት እያቁላሉ ነው። ጥያቄያቸው አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «ዋይፋይ እንደሆነ አለኝ፤ ስልኩም በዚያው ይሥራልኝ።»

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም «በዋይፋይ የሚሠራ ስልክ» እየተባሉ የሚሸጡት ነገሮች እርስ በርሳቸው እጅግ ይለያያሉ። አንዱ በእጅ ስልክ ላይ የሚጫን አፕ ነው፤ ሌላው ነባሩን የቤት ስልክ ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኝ አዳፕተር ነው፤ ራሱ ዋይፋይ የሚይዝ ቀፎም አለ፤ ከራውተሩ ጋር በገመድ የሚገናኝ ጣቢያ ኖሮት ቀፎው ከጣቢያው ጋር ዴክት በተባለ የራሱ ሬዲዮ የሚነጋገርም አለ። እነዚህን ሁሉ ለዘመድና ለጎረቤት ስተክል የደረስኩበትን ከወዲሁ ልናገር፦ ገመድ አልባ መሆን ያለበት ከሚናገረው ሰው እስከ ቅርቡ ጣቢያ ያለው ርቀት ብቻ ነው። ከጣቢያው እስከ ራውተሩ ያለው መንገድ በገመድ ሊሆን የሚችል ከሆነ በገመድ ይሁን። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር በአብዛኛው የዚህ ሐሳብ ማብራሪያ ነው፤ ሐሳቡ የማይሠራበትን ቦታም እጠቅሳለሁ።

ድምፅ በዋይፋይ ላይ የሚቆራረጥበት ምክንያት

ስልክ ብዙ ኢንተርኔት አይበላም። ለረጅም ዘመን በስልክ ኩባንያዎች ዘንድ የቆየው ጂ 711 የተባለው ኮዴክ (ድምፅን ወደ ዲጂታል የሚቀይር ስልት) በአንድ አቅጣጫ 64 ኪሎቢት በሰከንድ ይወስዳል፤ ፓኬቱ፣ ማለትም ተቆርጦ የሚላከው የድምፅ ቁራጭ፣ የሚታሸግበት አድራሻና መጠቅለያ ሲጨመርበት ወደ 87 ኪሎቢት ይደርሳል። በሁለቱም አቅጣጫ ቢሰላ አንድ ሰዓት ሙሉ ማውራት 80 ሜጋባይት አይሞላም። ስለዚህ 300 ሜጋቢት ኢንተርኔት የገዛ ሰው በዚህ ብቻ ስልኬ ጥርት ይላል ብሎ መተማመን አይችልም፤ 10 ሜጋቢት ያለውም ሰው በፍጥነት ማነስ ምክንያት ሐሳቡን መተው የለበትም።

ስልክ የሚፈልገው ሰዓት አክባሪነትን ነው። ድምፃችን በየ20 ሚሊ ሰከንዱ እየተቆረጠ በሰከንድ 50 ፓኬት ሆኖ ይጓዛል። ፊልም ስናይ መሣሪያው የሚቀጥለውን ክፍል አስቀድሞ ስለሚያከማች የአንድ ሰከንድ መዘግየት አይታወቀንም፤ ንግግር ግን አስቀድሞ ሊከማች አይችልም፤ ገና አልተነገረምና። ዘግይቶ የደረሰ የድምፅ ፓኬት እንደጠፋ ይቆጠራል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጂ 114 በተባለው ምክረ ሐሳቡ በአንድ አቅጣጫ ያለው መዘግየት ከ150 ሚሊ ሰከንድ ባይበልጥ እንደሚመረጥ፣ 400 ደግሞ ሊታለፍ የማይገባ ወሰን እንደሆነ አስፍሯል። ከሜሪላንድ አዲስ አበባ የሚደረግ ጥሪ ከዚህ ውስጥ ብዙውን በባሕር ሥር ገመድና በየመሐሉ ባሉ ጣቢያዎች ስለሚያጠፋው፣ የቤታችን ዋይፋይ ሊያባክነው የሚችለው ትርፍ ጊዜ ጠባብ ነው።

ዋይፋይ ደግሞ በባሕርዩ ተራ ያስጠብቃል። በአንድ ቻናል (የሬዲዮ መስመር) ላይ በአንድ ጊዜ መናገር የሚችለው አንድ መሣሪያ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ እንደ እድር ስብሰባ ተናጋሪው እስኪጨርስ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። በአፓርትመንት ሕንፃ ውስጥ የጎረቤቶቻችን ራውተሮችም እዚያው ስብሰባ ላይ ተቀምጠዋል። ዋይፋይ ከሚሠራባቸው ሞገዶች አንዱ በሆነው በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ በአሜሪካ እርስ በርስ የማይደራረቡት ቻናሎች ሦስት ብቻ፣ ማለትም 1፣ 6 እና 11 ናቸው፤ በዚያ ላይ ማይክሮዌቭ ምድጃም በዚሁ አካባቢ ይሠራል። አክስቴ በሙከራ ጊዜ «ምሳ ሰዓት ላይ ሁልጊዜ ድምፁ ይቆራረጣል» ሲሉኝ መጀመሪያ ኩባንያውን ጠረጠርኩ፤ ነገሩ ግን ወጥ ሲያሞቁ የሚከሰት ሆኖ ተገኘ። 5 ጊጋኸርዝ ከዚህ ችግር ነጻ ነው፤ ግድግዳ ግን ይከብደዋል።

ከመግዛት በፊት የሚደረግ የሃያ ደቂቃ ሙከራ

ዕቃ ከማዘዝ በፊት ላፕቶፕ ይዘው ስልኩ ሊቀመጥ በታሰበበት ቦታ ላይ ይቀመጡና ሁለት የፒንግ ሙከራ ያድርጉ፤ ፒንግ ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱ በስንት ሚሊ ሰከንድ እንደተመለሰ የሚለካ ትእዛዝ ነው። የመጀመሪያው ወደ ራሱ ወደ ራውተሩ ነው፤ አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ይሆናል። ቁጥሩ ለደቂቃዎች ያህል ከ10 ሚሊ ሰከንድ በታች እየሆነ ከቀጠለ ዋይፋዩ ለስልክ ይበቃል፤ 4፣ 6፣ ከዚያ ድንገት 180፣ ከዚያ መልስ የለም የሚል ውጤት ካሳየ ግን እዚያ ቦታ ላይ የሚቀመጥ ማንኛውም የዋይፋይ ስልክ ዋጋው የቱንም ያህል ቢሆን ይቆራረጣል።

ሁለተኛው ሙከራ ወደ ውጭ የሚላክ ፒንግ ሲሆን፣ ይህን ሲያደርጉ ሌላ የቤተሰብ አባል ረዘም ያለ ቪዲዮ ወደ ቴሌግራም እንዲጭን ያድርጉ። ያለ ጭነት 20 የነበረው ቁጥር በጭነት ጊዜ ወደ 400 ወይም 600 የሚወጣ ከሆነ ችግሩ ዋይፋይ አይደለም፤ ወደ ውጭ በሚወጣው መስመር ላይ ፓኬቶች ተሰልፈው መጠበቃቸው ነው፤ ድምፁም ከዚያ ሰልፍ ጀርባ ይቆማል። የሁለቱ ሕመም መድኃኒት አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ቦታ በመቀየር፣ ወደ 5 ጊጋኸርዝ በመዛወር ወይም በገመድ ይድናል፤ ሁለተኛው የሚድነው ራውተሩ ላይ ለድምፅ ቅድሚያ በመስጠትና የመጫኛውን ፍጥነት ከእውነተኛው አቅም በጥቂቱ ዝቅ አድርጎ በመገደብ ነው። ይህን ሳይለዩ አዲስ ራውተር የገዙ፣ ገንዘባቸው ወጥቶ ድምፃቸው እንደ በፊቱ የቀረ ሰዎች አውቃለሁ።

አዳፕተር፦ የድሮው ስልክ በአዲስ መስመር

አናሎግ የስልክ አዳፕተር መዳፍ ላይ የምታርፍ ትንሽ ሣጥን ናት። በአንድ ጎን የራውተር ገመድ፣ በሌላው የተለመደው የስልክ ገመድ ይገባባታል። የግራንድስትሪም ኤች ቲ 801 ለምሳሌ አንድ የስልክ ቀዳዳ አላት፤ ኤች ቲ 802 ሁለት አላት፤ ሁለቱም ዋይፋይ የላቸውም፤ ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥር ገዢ ብዙ ነው፤ እኔ እንደ በጎ ነገር እቆጥረዋለሁ። ትልልቅ ቁልፍ ያለው፣ ቀፎው ሲነሳ የሚከፈት፣ ሲቀመጥ የሚዘጋ ስልክ ለለመዱ አዛውንቶች ምንም አዲስ ነገር መማር አያስፈልግም። አክስቴ ማያ ገጽ ላይ አረንጓዴውን ክብ ወደ ጎን መሳብ እስካሁን አልተዋጠላቸውም፤ ቀፎ አንስቶ «ሃሎ» ማለት ግን ማንም አያስተምራቸውም።

በተከላው ላይ ሁለት ስሕተት ደጋግሜ አይቻለሁ። የስልክ ገመድ ጫፍ ከኢንተርኔት ገመድ ጫፍ ስለሚያንስ በኢንተርኔቱ ቀዳዳ ውስጥም ይገባል፤ ሰዎች እዚያ ሰክተው «ዕቃው ሞቷል» ይላሉ። ሁለተኛው ከበድ ያለ ነው። በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ያሉት የስልክ ሶኬቶች ሁሉ እንዲሠሩ አዳፕተሩን ግድግዳው ላይ መሰካት ይቻላል፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት የቤቱ ሽቦ ከስልክ ኩባንያው መስመር ጋር የሚገናኝበት፣ ብዙ ጊዜ ከቤቱ ውጪ ግድግዳ ላይ ያለው ግራጫ ሣጥን ተከፍቶ መለያየት አለበት። የመዳብ መስመሩ ላይ 48 ቮልት ገደማ አለ፤ ሲደወል ደግሞ ወደ 90 ይጠጋል፤ አዳፕተሩን ያቃጥላል። በአፓርትመንት ውስጥ ይህ ሣጥን የጋራ ስለሆነ ባይነኩት ይሻላል።

«ታዲያ መኝታ ቤት እንዴት ላውራ?» ለሚለው መልሱ ከሱቅ የሚገዛ ተራ ገመድ አልባ ስልክ ነው። ጣቢያው ራውተሩ አጠገብ ከአዳፕተሩ ጋር ይገናኛል፤ ቀፎዎቹ እንደ ልብ ይዞራሉ። በአሜሪካ የሚሸጡት እነዚህ ስልኮች ካርቶናቸው ላይ «ዴክት 6.0» የሚል ስም አላቸው፤ 6.0 የገበያ ስም እንጂ ጊጋኸርዝ አይደለም፤ የሚሠሩት ከ1920 እስከ 1930 ሜጋኸርዝ ባለው ለእነሱ በተለየ መስመር ነው። ስለዚህ ከዋይፋይ ጋር ተራ አይሻሙም፤ ማይክሮዌቭም አይነካቸውም። አዳፕተሩና ሁለት ቀፎ ያለው ስልክ ተደምረው ብዙውን ጊዜ ከ100 ዶላር በታች ያልቃሉ። ለአንድ ቤተሰብ፣ ለአንድ ቁጥር፣ ከዚህ የተሻለ ምርጫ አላየሁም፤ አክስቴ ቤት የቀረውም ይኸው ነው።

አውሮፓ ያለ ዘመድ በስጦታ የሚልከውን ገመድ አልባ ስልክ ግን አሜሪካ ውስጥ አይጠቀሙበት። የአውሮፓው ዴክት የሚሠራው ከ1880 እስከ 1900 ሜጋኸርዝ ላይ ስለሆነ እዚህ ፈቃድ የለውም።

ዋይፋይ ያላቸው አዳፕተሮችም ይሸጣሉ፤ በዩኤስቢ የምትሰካ አንቴና የሚቀበሉም አሉ። ራውተሩ ኪራይ ሰብሳቢው ወይም የቤቱ ባለቤት ክፍል ውስጥ ተቆልፎበት፣ ተከራዩ የተሰጠው የይለፍ ቃል ብቻ ለሆነበት ቤት እነዚህ መፍትሔ ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ጥቅም አለ፦ አዳፕተሩ ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ከላይ የተባለውን ሙከራ በማድረግ ጥሩ ጥግ አንድ ጊዜ ከተገኘለት ብዙ አያስቸግርም።

የዋይፋይ ቀፎ

ስሙ የአክስቴን ጥያቄ በቀጥታ የሚመልስ የሚመስለው ይህ ነው። ቀፎው ራሱ የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል ይይዛል፤ ጣቢያ አያስፈልገውም፤ ራውተር ባለበት ሁሉ ይሠራል። ለቤት ግን በምርጫ ዝርዝሬ ላይ መጨረሻ የማስቀምጠው እሱን ነው።

ምክንያቱ የቀፎው ጥራት አይደለም። ሰው እያወራ ይንቀሳቀሳል፤ ሲንቀሳቀስ ከአንዱ የዋይፋይ ጣቢያ ወደ ሌላው መሻገር አለበት፤ መሻገሪያውን የሚወስነው ደግሞ ቀፎው ነው። ብዙ ቀፎዎች የቀደመውን ጣቢያ እስከ መጨረሻው ጭል ጭል ድረስ የሙጥኝ ብለው ይቆዩና ሲለቁ ድምፁ ለሁለትና ሦስት ሰከንድ ይጠፋል። ላፕቶፕ ላይ ይህ ሲሆን ማንም አያውቅም፤ ስልክ ላይ ግን «ሃሎ? ሃሎ? ይሰማል?» የሚባለው ያኔ ነው። እርስ በርሳቸው በዋይፋይ የሚያያዙ የሜሽ ራውተሮች ባሉበት ቤት ችግሩ ይብሳል፤ ምክንያቱም ድምፁ ከቀፎው ወደ መጀመሪያው፣ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ሲተላለፍ በየመሐሉ እንደገና ተራ ይጠብቃል። ባትሪውም ከዴክት ቀፎ ባትሪ ፈጥኖ ያልቃል። በመጨረሻም ልጆቹ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል የቀየሩ ዕለት ስልኩ ማንም ሳያውቅ ድምፁን ያጠፋል።

የሚመረጥበት ቤት የለም ማለት ግን አይደለም። የሜሽ ጣቢያዎቹ በገመድ የተያያዙበት፣ ዴክት የማይደርስበት ሰፊ ግቢ ወይም ከቤቱ ተነጥሎ የተሠራ ጋራዥ ያለበት ሰው ሊጠቀምበት ይችላል። ያን ጊዜ ቀፎውን በ5 ጊጋኸርዝ ብቻ ያገናኙት፤ ራውተሩ ላይ ደብሊው ኤም ኤም የተባለው ማስተካከያ መብራቱን ያረጋግጡ። ይህ ማስተካከያ የዋይፋይ ትራፊክን በአራት ደረጃ ከፍሎ ድምፅን ከሁሉ ያስቀድማል።

የኢንተርኔት ዴክት ጣቢያ

ያሊንክና ግራንድስትሪም የመሳሰሉት አምራቾች የሚሸጡት ይህ ዓይነቱ ጣቢያ የአዳፕተሩንና የገመድ አልባ ስልኩን ሥራ በአንድ ሣጥን ያጠቃልላል። ከአዳፕተሩ የሚበልጠው በሦስት ነገር ነው፦ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች በአንድ ጊዜ የተለያየ ጥሪ ማድረግ ይችላሉ፤ ለየቀፎው የተለየ ቁጥር መስጠት ይቻላል፤ ሁለቱም ወገን ከደገፈው ደግሞ ጂ 722 የተባለው ሰፋ ያለ ድምፅ በመሐል ወደ አናሎግ ሳይመለስ ቀፎው ድረስ ይደርሳል። ቤት ውስጥ ሆኖ የሕፃናት ማቆያ ወይም የትርጉም ሥራ የምትሠራ እናት የሥራዋን ቁጥር ከቤቱ ቁጥር መለየት ብትፈልግ ለዚህ ተጨማሪ መክፈል ያዋጣታል። ለአንድ ቁጥር ብቻ ከሆነ ግን ተጨማሪው ገንዘብ የሚገዛው ነገር ትንሽ ነው፤ ወደ ኢትዮጵያ የሚደረግ የመደበኛ ስልክ ጥሪ በጂ 722 አይሄድምና።

አፕ

ሊንፎንና ዞይፐር የመሳሰሉት አፖች ከስልክ አቅራቢው፣ ማለትም የኢንተርኔት ስልክ አገልግሎቱን ከሚሸጠው ኩባንያ፣ የተሰጠውን የመለያ ስምና የይለፍ ቃል ተቀብለው የእጅ ስልኩን እንደ ቤት ስልክ እንዲጠራ ያደርጉታል። ዕቃ አይገዛም፤ በጉዞ ላይም ይሠራል። ትልቁ ጉድለታቸው በመተኛት ላይ ነው። የእጅ ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ከጀርባ የሚሠራ አፕን ያስተኛሉ፤ አፑ ከተኛ ጥሪው አይሰማም፤ የሚያነቃው የማንቂያ መልእክት ደግሞ በአቅራቢውና በአፑ መካከል አስቀድሞ የተዘጋጀ መሆን አለበት። ስለዚህ አፕ የሚመርጥ ሰው አቅራቢውን መጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባው ስለ ዋጋ ሳይሆን፣ ማያ ገጹ ጠፍቶ ለአንድ ሰዓት የቆየ ስልክ ሲደወልለት ይጠራል ወይ ብሎ ነው።

ዋትሳፕና ቴሌግራም የተለየ ጉዳይ ናቸው። ሁለቱም ወገን አፑ ካለው ለድምፅ ጥራትም ለኪስም የሚወዳደራቸው የለም፤ ሐኪም ቤት፣ ትምህርት ቤት ወይም ባንክ የሚደውልበት መደበኛ ቁጥር ግን አይሆኑም። የእጅ ስልክ ኩባንያዎች የሚሰጡት በዋይፋይ የመደወል አገልግሎትም መታወስ አለበት፤ የቤት ስልክ የሚፈለገው ቤት ውስጥ የሞባይል ሲግናል ስለሌለ ብቻ ከሆነ፣ በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ እሱን ማብራት ይበቃል፤ ሌላው ሁሉ አያስፈልግም።

የኢንተርኔት ኩባንያው ራሱ ከሞደሙ ጋር አብሮ የሚሰጠው ስልክ ውድ ነው፤ ነገር ግን በኬብል ኢንተርኔት ላይ ድምፁ ከቤተሰቡ ፊልም ተለይቶ በተከለለ መንገድ ስለሚጓዝ እምብዛም አይቆራረጥም። ማስተካከያ መነካካት ለማይፈልግ ሰው አልነቅፈውም።

ራውተሩ ላይ የሚነካው

ከሁሉ አስቀድሞ ኤስ አይ ፒ ኤ ኤል ጂ የተባለውን ማስተካከያ ያጥፉ። የኢንተርኔት ስልክ ጥሪ የሚያቋቁመው ኤስ አይ ፒ የተባለው ቋንቋ ነው፤ ይህ ማስተካከያ የስልኩን መልእክቶች «ላግዝ» ብሎ በመሐል እየከፈተ ይጽፍባቸዋል፤ ብዙ ጊዜም ያበላሻቸዋል። «የእኔ ይሰማዋል፣ የእሱ አይሰማኝም» የሚለው አቤቱታና ከጥቂት ጊዜ በኋላ ራሱን የሚያቋርጥ ጥሪ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይመነጫሉ። ከኢንተርኔት ኩባንያው ሣጥን ኋላ የራስዎን ራውተር አስከትለው ከሆነ ሁለቱንም ይፈትሹ።

ሁለተኛው፣ ራውተሩ ላይ በር 5060ን፣ ማለትም የኤስ አይ ፒ መልእክቶች የሚገቡበትን የተለመደ የበር ቁጥር፣ ወደ ስልኩ እንዲከፍቱ የሚመክር ጽሑፍ ቢያጋጥምዎ አይቀበሉት። የዚህን ምክንያት የተማርኩት በራሴ ቤት ነው። አንድ ሌሊት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። በእኛ ቤት በዚያ ሰዓት የሚመጣ ስልክ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው፤ ባለቤቴ ገና ሳላነሳው ደረቷን ይዛ ተቀምጣለች። ማያው ላይ የታየው ቁጥር 1001 ነበር፤ ሳነሳው ማንም የለም። ከሃያ ደቂቃ በኋላ እንደገና ጮኸ። ደዋዩ ሰው አልነበረም፤ በዓለም ዙሪያ ክፍት የሆነ 5060 እየፈለገ የሚያንኳኳ ፕሮግራም ነበር። መፍትሔው የከፈትኩትን በር መዝጋት፣ አዳፕተሩ ጥሪ የሚቀበለው ከአቅራቢው ሰርቨር ብቻ እንዲሆን ማዘዝና የራሱን የበር ቁጥር ከ5060 ወደ ሌላ መቀየር ነበር። ከዚያ በኋላ ጸጥ አለ። እነዚያ ፕሮግራሞች የመለያ ይለፍ ቃል ቢያገኙ ደግሞ በሰው ሒሳብ ውድ ወደሆኑ አገሮች ይደውላሉ፤ ስለዚህ የይለፍ ቃሉ ረጅም ይሁን፤ ሒሳቡም ሲያልቅ ራሱን ከካርድዎ እየሞላ እንዳይቀጥል ያድርጉ።

መብራት፣ 911 እና ወደ ኢትዮጵያ መደወል

የመዳብ ስልክ ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው ከስልክ ጣቢያው ስለነበር የቤቱ መብራት ሲጠፋም ይሠራ ነበር። ከላይ ከተዘረዘሩት ውስጥ በዚህ የሚተካከለው የለም። ሞደሙ 10፣ ራውተሩ 12፣ አዳፕተሩ 3 ዋት ቢወስዱ ድምሩ 25 ነው፤ 100 ዋት-ሰዓት የሚይዝ የመጠባበቂያ ባትሪ በስሌት 4 ሰዓት፣ በተግባር ከዚያ አነስ ያለ ያቆያቸዋል። ሦስቱም ባትሪው ላይ መሰካት አለባቸው፤ ስልኩን ሰክቶ ሞደሙን መርሳት ምንም አይጠቅምም። የገመድ አልባው ስልክ ጣቢያም ኤሌክትሪክ ይፈልጋልና አይዘንጉት።

በአሜሪካ ከመደበኛ ስልክ ጋር የሚገናኙ የኢንተርኔት ስልክ አቅራቢዎች የ911 (የአደጋ ጊዜ ጥሪ) አገልግሎት እንዲሰጡ የፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ያስገድዳል፤ አምቡላንሱ የሚላከው ግን ደንበኛው ወዳስመዘገበው አድራሻ ነው። ቤት የቀየረ ሰው አድራሻውን ካልቀየረ አምቡላንሱ የቀድሞው ቤት በር ላይ ይቆማል። ብዙ አቅራቢዎች ዘንድ 933 ሲደወል የተመዘገበው አድራሻ ይነበባል፤ በተከላው ዕለት ይሞክሩት። የሕመምተኛ ማንቂያ ቁልፍ ወይም የቤት ማስጠንቀቂያ ከስልክ መስመሩ ጋር የተያያዘ ከሆነ ከመዛወርዎ በፊት ከአገልግሎት ሰጪው ጋር ይነጋገሩ፤ እነዚህ መሣሪያዎች በኢንተርኔት ስልክ ላይ አስተማማኝ አይደሉም።

ወደ ኢትዮጵያ በብዛት የሚደውል ሰው «ያልተገደበ ዓለም አቀፍ ጥሪ» የሚለውን ማስታወቂያ አይቶ አይወስን። ወደ ኢትዮጵያ መደወል ለአቅራቢዎች ውድ ስለሆነ አገራችን ከዝርዝሩ ውጪ የምትሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የሞባይልና የመደበኛ ስልክ ዋጋም ሊለያይ ስለሚችል በ09 እና በ07 ለሚጀምሩት፣ እንዲሁም ለአዲስ አበባው 011 ያለውን ዋጋ ለየብቻ ይመልከቱ። ከሌሎች ሁሉ እጅግ ያነሰ ዋጋ ደግሞ ያጠራጥር። ጥሪው ሲም ቦክስ በሚባል፣ ከውጭ የመጣን ጥሪ በአገር ውስጥ ሲም ካርድ በሚያስተላልፍ መሣሪያ በኩል ሾልኮ ሲገባ እናት ስልክ ላይ የሚታየው የሜሪላንድ ቁጥር ሳይሆን በ09 የሚጀምር የማያውቁት ቁጥር ነው፤ «ማን እንደሆነ አላወቅሁም ብዬ ተውኩት» የሚሉትም ለዚህ ነው። የመጀመሪያውን ጥሪ ሲያደርጉ ምን ቁጥር እንደታያቸው ይጠይቋቸው።

አዳፕተሩን አዲስ አበባ ላሉ ወላጆች ልኮ የሜሪላንድ ቁጥር እዚያ እንዲጠራ ማድረግ ቴክኒኩ ይፈቅዳል፤ ብዙዎችም ያስቡታል። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ግን የስልክ ጥሪ አገልግሎትን በኢንተርኔት መስጠትን የሚመለከት የወንጀል ድንጋጌ ይዞ የወጣ ስለሆነ፣ ሣጥኑን ሻንጣ ውስጥ ከመክተት በፊት በሥራ ላይ ያለውን ሕግ መጠየቅ ይገባል። ከዚያ ሣጥን የተደወለ 911 ሜሪላንድ ያለ ባዶ ቤት እንደሚያስፈትሽም አይረሳ። ለወላጆች ቴሌግራም መጫን ይቀላል።

ቁጥሩን ማዛወር

አክስቴ ቁጥራቸውን 22 ዓመት ይዘውታል፤ የማኅበሩም የቤተ ክርስቲያኑም ሰው የሚያውቃቸው በዚያ ነው። በአሜሪካ ቁጥርን ይዞ መሄድ መብት ነው፤ ቀላል የሚባለው የአንድ መስመር ዝውውርም በአንድ የሥራ ቀን እንዲያልቅ ደንቡ ያዛል፤ የተሞላው መረጃ በቀድሞው ኩባንያ ሒሳብ ላይ ከተጻፈው ጋር ካልገጠመ ግን ጥያቄው ሊመለስ ይችላል። እኛ መጀመሪያ ጊዜያዊ ቁጥር ተቀብለን አዳፕተሩን ለሁለት ሳምንት በእሱ ሞከርን፤ የምሳ ሰዓቱን፣ የልጅ ልጆቹ የሚመጡበትን ቅዳሜ፣ ዝናብ የዘነበበትንም ቀን ጨምሮ። የዝውውሩን ጥያቄ ያስገባነው ከዚያ በኋላ ነው። የድሮው መስመር ከመዛወሩ በፊት ከተዘጋ ቁጥሩ አብሮ ሊጠፋ ስለሚችል፣ እኔ አጠገባቸው ቆሜ በእጅ ስልኬ ወደ ነባሩ ቁጥር ደውዬ አዲሱ ቀፎ መኝታ ቤት ውስጥ እስኪጮኽ ድረስ የቀድሞውን ኩባንያ ማንም አልደወለለትም።